የውርስ ቤት ላይ የተጣለ እግድ እንዴት ይነሳል? ከማህደር ክፍል እስከ ችሎት፣ ከችሎት ተመልሶ እስከ ማህደር ክፍል

ድሮ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ቆሞ ይቀር ነበር ይባላል። የፍርድ ቤት እግድም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አንድ ወራሽ «ቤቱ ሊሸጥብኝ ነው» ብሎ ያመለክታል። ዳኛው አንድ ገጽ ትዕዛዝ ይጽፋል። ቤቱ ባለበት ይቆማል። አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ ስሙ አይዛወርም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የመንገዱ ጠብ ሲበርድ «በሕግ አምላክ»ም አብሮ ይበርዳል። እግድ ግን ወረቀት ነው። ወንድምና እህት ከታረቁ በኋላም ማህደር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል።

እኛን የገጠመን ይኸው ነው። ሀዋሳ ባለው የአያቴ ቤት አባቴና እህቶቹ ተካሰው ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ፋሲካን አብረው በሉ። ሰባት ዓመት አለፈ። ገዢ ተገኘ፣ ቀብድ ተቀበልን፣ ስም ለማዛወር ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ማህደሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «እግድ አለበት» አለችን። አክስቴ «የምን እግድ? ታርቀናል እኮ!» አለች። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ምን ታድርግ?

ጠበቃ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን የራሳችንንም የጎረቤትንም ጉዳይ ይዤ ብዙ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ገባኝ። እግድ የሚኖረው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ፣ ሌላኛው በመሬት ይዞታ ማህደር ውስጥ። አንዱ ጋ ብቻ ከተነሳ አልተነሳም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መጀመሪያ፦ ያገዳችሁ ማን እንደሆነ እወቁ

«እግድ አለበት» ሲባል ሰው በቀጥታ ጠበቃ ጋ ይሮጣል። ትንሽ ቆዩ። መስኮቱ ላይ «እግድ» የሚባለው ሁሉ የፍርድ ቤት እግድ አይደለም።

የባንክ መያዣ ሊሆን ይችላል። ሟቹ በሕይወት እያሉ ቤቱን አስይዘው ተበድረው ከሆነ ማህደሩ ውስጥ የባንኩ ደብዳቤ አለ። ይህን የሚያነሳው ባንኩ ራሱ ነው፤ ዕዳው ሲያልቅ የስረዛ ደብዳቤ ይጽፋል። የግብር ዕዳም ቤት ያሳግዳል፤ መፍትሔው ያለው ገቢዎች ጋ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጭራሽ የለም። አንድ ወራሽ «የእኔ ድርሻ አለበት፣ እንዳታዛውሩ» ብሎ በራሱ የጻፈው የተቃውሞ ማመልከቻ ብቻ ማህደሩ ውስጥ ተያይዞ ይገኛል። ባለሙያው ፈርቶ ሥራውን ያቆመዋል። እንዲህ ከሆነ «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሌለበት ተቃውሞ ስለሆነ ውሳኔ ይሰጥበት» ብላችሁ ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቱ። ብዙ ጊዜ ተቃዋሚው በዚህን ያህል ቀን ውስጥ የፍርድ ቤት እግድ እንዲያመጣ ይነገረዋል። ያኔ ወይ ያመጣል ወይ ዝም ይላል።

ስለዚህ የቤቱ ማህደር ወዳለበት የመሬት ይዞታ ክፍል ሂዱ። የካርታውን ኮፒ፣ መታወቂያችሁንና የወራሽነት ማስረጃችሁን (ወይም ውክልና) ያዙ። በአፍ አትጠይቁ፤ አጭር ማመልከቻ አስገቡ። ማወቅ ያለባችሁ ደብዳቤውን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የፍርድ ቤቱ የመዝገብ ቁጥር፣ የተከራካሪዎቹ ስምና በትክክል የታገደው ምን እንደሆነ ነው። የመጨረሻውን ሰው ይዘለዋል። ግን ሽያጭ ብቻ የታገደበት ቤትና «ማንኛውም ለውጥ እንዳይደረግበት» የተባለ ቤት አንድ አይደሉም። አንድ ጎረቤታችን ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያውን ለማደስ ሁለት ክረምት በከንቱ ጠብቋል። ደብዳቤው ሲነበብ የታገደው መሸጥና ስም ማዛወር ብቻ ነበር።

የደብዳቤውን ኮፒ ከሰጧችሁ እሰየው። ካልሰጧችሁ ቁጥሮቹን በእጃችሁ ጻፉ። የመዝገብ ቁጥር የሌለው ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ በጨለማ መርፌ እንደሚፈልግ ነው።

ቀጥሎ፦ መዝገቡ የትኛው ከተማ ነው ያለው?

ቤቱ ሀዋሳ ስለሆነ መዝገቡም ሀዋሳ ነው ማለት አይደለም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር የሚታየው ንብረቱ ባለበት ቦታ ነው። የውርስ ክርክር ግን ውርሱ በተከፈተበት ቦታ ይታያል። ውርስ ደግሞ የሚከፈተው ሟቹ መኖሪያቸውን ባደረጉበት ቦታ ነው። አባታችሁ ዲላ ኖረው ዲላ ካረፉ፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን ቤት ያገደው ደብዳቤ ከዲላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማስነሳትም የሚቻለው እዚያው ሄዶ ነው። ሀዋሳ ያለ ችሎት የዲላን እግድ አያነሳላችሁም።

የእኛ አካባቢ ሌላም ጣጣ አለበት። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ደብዳቤዎች ራስጌያቸው ላይ «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይላሉ። ያ ክልል ዛሬ የለም፤ ዲላም በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሆናለች። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ፍርድ ቤት ስሙም ሕንፃውም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ደብዳቤ ከያዛችሁ አሁን ባለው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ጋ «የዚህ ዘመን መዝገቦች ለማን ተላለፉ?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህን ሳትጠይቁ ከችሎት ችሎት ብትዞሩ የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው የምትከስሩት።

መዝገብ ቤት ስትደርሱ መዝገቡን አስወጥታችሁ እዩ። ተከራካሪ ከሆናችሁ ወይም ውክልና ካላችሁ ማየት ትችላላችሁ። የእግዱን ትዕዛዝና የክሱን የተረጋገጠ ግልባጭ ጠይቁ፤ ክፍያው ትንሽ ነው። ከዚያ መዝገቡ ያለበትን ሁኔታ ለዩ። ተዘግቷል? ገና እየተከራከሩ ነው? ተፈርዶ አፈጻጸም ላይ ነው? መንገዳችሁ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡ ከተዘጋ፦ አጭሩ መንገድ

ብዙ ሰው ያለው እዚህ ነው፣ ግን አያውቀውም። ከሳሹ ቀርቶ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወይም ታርቀዋል፣ ወይም ክሱ ውድቅ ሆኗል። እግድ የክርክሩ ጥገኛ ነው፤ ክርክሩ ሲሞት የሚኖርበት ምክንያት የለውም። ነገር ግን የመሬት ቢሮው ባለሙያ መዝገቡ መዘጋቱን በምን ያውቃል? የነገረው የለም። እሱ የሚያውቀው «አግድ» ያለውን ደብዳቤ ነው። «ልቀቅ» የሚል ደብዳቤ እስኪደርሰው ድረስ አይለቅም፤ መልቀቅም የለበትም።

ስለዚህ ለዚያው ችሎት በዚያው የመዝገብ ቁጥር አጭር ማመልከቻ ጻፉ። መዝገቡ በዚህ ቀን እንደተዘጋ፣ እግዱ ግን እንዳልተነሳ ጠቅሳችሁ፣ እግዱ መነሳቱ ተገልጾ ለመሬት ቢሮው ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠይቁ። የመዘጋቱን ትዕዛዝ ግልባጭ አያይዙ። ክርክር ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልቃል። ክረምት ላይ ግን ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ሲወጡ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሐምሌ ሳይገባ ጨርሱት።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ በሌላ ቁጥር አዲስ ክስ ተከፍቶ እንደሆነም አብራችሁ አጣሩ። ውርስ ላይ እልኸኛ ዘመድ አይጠፋም።

ክርክሩ ገና ካልተቋጨ፦ ዳኛውን የሚያሳምነው ምንድን ነው?

በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልቆይ።

እግድ የሚሰጠው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ነው። ክርክር ያለበት ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ለሌላ ሊተላለፍ እንደሚችል በቃለ መሐላ ወይም በሌላ ማስረጃ ሲረጋገጥ ዳኛው ማገድ ይችላል። በእግዱ ቅር የተሰኘ ወገን ደግሞ እንዲነሳ፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲሰረዝ ለዚያው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ቁጥር 158 ነው። «እንዲሻሻል» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ሰው ሁሉ «ይነሳልኝ» ብቻ እያለ ይገባና ባዶ እጁን ይወጣል።

መጀመሪያ የማይሠሩትን ልንገራችሁ። «ብር ቸግሮኛል» አይሠራም። «ወንድሜ ሰካራም ነው» አይሠራም። ከሁሉ የከፋው «ጥሩ ገዢ አግኝቻለሁ፣ ሊያመልጠኝ ነው» የሚለው ነው። አስቡት እስቲ። እግዱ የተሰጠው ቤቱ ሊሸጥ ይችላል ተብሎ ነው። እናንተ ችሎት ቆማችሁ ልትሸጡት እንደሆነ ትናገራላችሁ። ለተቃራኒ ወገን ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

አሁን ወደሚሠሩት።

የመጀመሪያው ሂሳብ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። አባት ኑዛዜ ሳይተዉ ሞቱ። እናት በሕይወት አሉ፣ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ነው፣ ልጆች አራት ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። የቤቱ ግማሽ ግን የራሷ ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም። ውርስ የሚሆነው ቀሪው ግማሽ ነው። እሱ ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ ልጅ የሙሉ ቤቱ 1/8 ይደርሰዋል፤ 12.5 በመቶ ማለት ነው። አንዱ ልጅ ያሳገደው ግን ቤቱን በሙሉ ነው። ስለዚህ ያሳገደውን ልጅ «ተጠሪ» ብላችሁ «የተጠሪ ድርሻ ቢረጋገጥ እንኳ 12.5 በመቶ ነው፤ እግዱ በዚያ ልክ ይወሰን፣ ወይም የዚያን ያህል ዋስትና ላስይዝ» ብላችሁ ጠይቁ። ዳኛ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብለት ይሰማል። የተጠሪውን ጥቅም ሳይነካ የእናንተን ማሰሪያ የሚያላላበት መንገድ አገኘ ማለት ነዋ።

ሁለተኛው፣ ቤቱ የሟች አይደለም የሚለው ነው። ካርታው በማን ስም ነው? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱ ሊፈርስ ይችላል፣ ግን የማፍረሱ ሸክም የተቃዋሚው ነው። አባትየው በሕይወት እያሉ ለአንድ ልጅ በስጦታ ሰጥተው ስሙ ከተዛወረ፣ ይህ ትልቅ መከራከሪያ ነው።

ሦስተኛው፣ አሳጋጁ መብቱ የቆመበት ወረቀት ራሱ ነው። የወራሽነት ምስክር ወረቀት ወራሽነትን እንጂ የቤት ባለቤትነትን አያረጋግጥም። ኑዛዜ ይዞ የመጣ ካለ ኑዛዜውን አንብቡት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 መሠረት በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ካልተነበበና ይህም እዚያው ካልተጻፈ ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሦስት ምስክር ብቻ የፈረሙበት የሰፈር ኑዛዜ ስንት ቤት እንዳሳገደ ብታዩ ትገረማላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። «ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ስለሆነ ወራሽ አይደለም» ብላችሁ እንዳትገቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 እኩል አድርጓቸዋል። ተሸንፋችሁ ብቻ ሳይሆን አፍራችሁም ትወጣላችሁ።

አራተኛው ጊዜ ነው። ከሳሹ እግዱን ካገኘ በኋላ መጥሪያ አያደርስም፣ በቀጠሮ አይቀርብም፣ ምስክር አያመጣም። እግዱ ለእሱ ፍርድ ሆኖለታል፤ ክርክሩ ቢዘገይ ምን ገዶት! የቀጠሮዎቹን ቀን በዝርዝር ጻፉና አሳዩ። በነገራችን ላይ ክሱ በይርጋ (ክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ) የቀረ ነው የምትሉ ከሆነ በመጀመሪያው መልሳችሁ ላይ አንሱት። ይርጋን ተከራካሪው ካላነሳው ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳውም። በወራሽነት ንብረት የመጠየቅ መብት የ3 ዓመትና የ15 ዓመት ገደብ አለው (የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000)። አቆጣጠሩ ግን ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ቢያንስ ለዚህ ክፍል ጠበቃ ያዙ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

ለ………… ፍርድ ቤት፣ ………… ችሎት
የመዝገብ ቁጥር …………
አመልካች፦ ………… ተጠሪ፦ …………
ጉዳዩ፦ በ………… ቀን የተሰጠው እግድ እንዲነሳ፣ ይህ ቢታለፍ እንዲሻሻል በሥ/ሥ/ሕ/ቁ 158 መሠረት የቀረበ አቤቱታ
1. ፍርድ ቤቱ በ………… ከተማ ………… ክፍለ ከተማ የቤት ቁጥር ………… በሆነው ቤት ላይ እግድ ሰጥቷል።
2. እግዱ ሊነሳ የሚገባበት ምክንያት፦ (አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ምክንያት፤ ከማስረጃው ጋር)
3. እግዱ በሙሉ አይነሳም ከተባለ በተጠሪ ድርሻ ልክ እንዲወሰን፣ ወይም አመልካች ዋስትና እንዲያስይዝ ይታዘዝልኝ።
4. ውሳኔው ለመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ እንዲገለጽ ይታዘዝልኝ።
ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በሥ/ሥ/ሕ/ቁ 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።

ቃለ መሐላና የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። ኮፒው ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተጠሪ አንድ፣ ለእናንተ አንድ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ካጻፋችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የቤት ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። የቤት ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ በኋላ የምትከፍሉት በወራት ነው። ተጠሪው መልስ እንዲሰጥ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ከዚያ ዳኛው ይወስናል።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ የትዕዛዙን ግልባጭ አውጡና ምክንያቱን አንብቡ። ሁኔታው ሲቀየር፣ ለምሳሌ ድርሻው በውርስ አጣሪ ሲታወቅ፣ ተመልሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ያንኑ ማመልከቻ ቀን ቀይሮ ማስገባት ግን ዳኛውን ማናደድ ነው።

ከእርቅ የሚበልጥ መንገድ አላየሁም፣ ግን በወረቀት ይሁን

ሲዳማ ውስጥ «አፊኒ» የሚባል ነገር አለ። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉም ሳይሰማና ሳይሰማማ አይቆርጡም። የውርስ ጠብ ላይ ይህ ወርቅ ነው። አብዛኛው እግድ የሚጣለው ከ12.5 በመቶው ይልቅ «ለምን አልተጠየቅኩም?» በሚል ቅሬታ ነውና። ታላቅ ወንድም ከተዝካሩ በኋላ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ኪራዩን ብቻውን በላ፣ ትንሿ እህት ፍርድ ቤት ሄደች። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። የሰበሰበውን ኪራይ ቁጭ ብሎ ቢያሳያት ግማሹ ነገር ያልቅ ነበር።

እርቁ ሲደረስ በጽሑፍ ሆኖ በዚያው መዝገብ ላይ መቅረብ አለበት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ ይህንን ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱ መዝግቦ ሲያጸድቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ድርሻው በአኃዝ ይጻፍ። ክፍያው መቼና በምን እንደሚሆን ይጻፍ። እስካሁን የተሰበሰበው ኪራይም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ተመልሶ ይመጣል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንዲህ ትበል፦ «በቁጥር … በቀን … የተሰጠው እግድ እንዲነሳና ይኸው ለመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤቱ እንዲገለጽ ተስማምተናል።»

የአባቴና የአክስቶቼ እርቅ ያቺን ዓረፍተ ነገር አልነበረውም። የቀረው ሁሉ ነበረው። አሥራ አንድ ፊርማም ነበረበት።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ ውክልናውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ቤት ለመሸጥም ሆነ ለመታረቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ለመሸጥ» እና «ለመታረቅ» የሚሉት ቃላት በግልጽ መጻፍ አለባቸው። በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ነው የሚመጣው። ከወራሾቹ አንዱ ሕፃን ከሆነ የሞግዚቱ ፊርማ ብቻውን አያሻግርም፤ ፍርድ ቤቱ የልጁን ጥቅም ያያል። ይህን ለመዝለል የሚሞክር ሰው ካለ ቤቱን ለሚቀጥለው ሃያ ዓመት የሚያምስ ነገር እየዘራ ነው።

ተከራካሪ ካልሆናችሁስ?

እናታችሁ ሳይጠሩ ግማሽ ቤታቸው ታግዶ ይሆናል። ወይም ገዝታችሁ የተቀመጣችሁበት ቤት ሌሎች በሚከራከሩበት መዝገብ ታግዷል። ክርክሩ ገና ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጣልቃ ለመግባት አመልክቱ። ተፈርዶ ከሆነና ፍርዱ መብታችሁን ከነካ፣ ሳይፈጸም በፊት በቁጥር 358 የመቃወም አቤቱታ አቅርቡ። በአፈጻጸም ከተያዘ ደግሞ ቁጥር 418 አለ። በሦስቱም መንገዶች ጊዜ ወርቅ ነው፣ ጠበቃም ያስፈልጋል።

ትዕዛዙ ተሰጠ፤ ሥራው ግማሽ ላይ ነው

«እግዱ ተነስቷል» ብሎ ዳኛው ሲናገር እልል ብሎ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። አትሂዱ። ከችሎት በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱና ደብዳቤው መቼ እንደሚጻፍ ጠይቁ። ሲጻፍ ከማኅተሙ በፊት አንብቡት። የቤቱ ቁጥር፣ የካርታው ቁጥር፣ የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀድሞው የእግድ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሊኖሩበት ይገባል። ማህደሩ ውስጥ ሁለት እግድ ካለና ደብዳቤው ቁጥር ካልጠቀሰ ባለሙያው «የትኛው ነው የተነሳው?» ብሎ ይመልሳችኋል። እውነት አለው።

ደብዳቤው በፍርድ ቤቱ በኩል ሊላክ ይችላል፤ በእጃችሁም ሊሰጣችሁ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ይሂድ፣ እናንተ ተከተሉት። መሬት ቢሮው ሲደርስ መዝገብ ክፍሉ የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል። በእናንተ ኮፒ ላይ ያንን ቁጥር፣ ቀኑንና ማኅተሙን አስደርጉ። የእኛን የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» ተብዬ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የለም። ማን ተቀበለህ? አላውቅም። የገቢ ቁጥር አለህ? የለኝም። ሁለተኛ ደብዳቤ ለማጻፍ እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ቀጠሮ። ያ ሁሉ የአንዲት ቁጥር ጉዳይ ነው።

ከዚያ ደብዳቤው ማህደሩ ውስጥ መግባቱንና በኮምፒውተር ላይ ያለውም ምልክት መነሳቱን አጣሩ። የከተማ ይዞታ ምዝገባ ሕጉ በይዞታው ላይ ያለ መብትም ክልከላም እንዲመዘገብ ያዛል። ካዳስተር (የይዞታ ልኬትና ምዝገባ) በደረሰበት ሰፈር ወረቀቱ ተነስቶ ሲስተሙ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። «ከዕዳና ከእግድ ነፃ» የሚለውን ማረጋገጫ በጽሑፍ እስክትቀበሉ ድረስ ፌስታላችሁን አታስቀምጡ።

ኮሪደሩ ላይ «እኔ በሦስት ቀን አስነሳልሃለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ አይጠፋም። የሚያመጣላችሁ ደብዳቤ ሐሰተኛ ከሆነ ቤቱም ይሄዳል፣ እናንተም በሐሰተኛ ሰነድ ትጠየቃላችሁ። ቡናውን ጠጡለት፣ ብሩን ግን አትስጡት።

ስም ከማዛወሩ በፊት

እግዱ ሳይነሳ ቀብድ አትቀበሉ። ይህን ከኪሳችን ከፍለን ነው የተማርነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። ገዢያችን ደግ ሰው ስለነበር የሰጠውን ብቻ ተቀብሎ ሄደ። እንደ እሱ ያለ ሁልጊዜ አይገኝም።

ወራሾቹ በስማችሁ ልታዛውሩና ልትኖሩበት ከሆነ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ መሬት) ላይ ያለ ቤት ወደ ሊዝ የሚገባው ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ነው። ለገዢ ስትሸጡ ግን ይህ ስለሚመጣ ዋጋ ስትነጋገሩ አስቡበት።

የመጨረሻው፣ ውል በምትፈራረሙበት ቀን ጠዋት ማህደሩን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ነፃ የነበረ ቤት ትናንት ከሰዓት በኋላ በገባ አዲስ ደብዳቤ ታግዶ ሊያድር ይችላል። እኛ በሁለተኛው ገዢ ጊዜ አክስቴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ያቺው ልጅ ማህደሩን ገለጠች። «ነፃ ነው» አለች። አክስቴ «በጽሑፍ ስጪኝ» አለቻት።